ሜሪ ማክሊዮድ ቤትዩን፦ በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የተከፈተው ትምህርት ቤት



በማኅበራችን ስብሰባዎች ላይ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሳሉ። አንደኛው ከየኪሳችን የምናዋጣት ይህች ትንሽ ገንዘብ የት ትደርሳለች የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን እኛ ከሠራነው፣ መብታችንን በመጠየቅ ፈንታ የእሱን ጉድለት እየሸፈንን አይደለም ወይ የሚል ነው። ሁለቱንም ጥያቄዎች በሕይወቷ የተጋፈጠች አንዲት ሴት አለች። አሜሪካዊት ጥቁር መምህርት ናት፤ ስሟ ሜሪ ማክሊዮድ ቤትዩን ይባላል። በዚህ እትም ታሪኳን ልናካፍላችሁ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማስተማር ወንጀል በነበረበት ምድር

ሜሪ የተወለደችው ጁላይ 10 ቀን 1875 በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ሜይስቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። አባቷ ሳሙኤልና እናቷ ፓትሲ በባርነት የኖሩ፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነጻ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ከ17 ልጆቻቸው ሜሪ 15ኛዋ ናት። ታላላቆቿ አብዛኞቹ የተወለዱት በባርነት ሲሆን እሷ ግን በነጻነት ተወለደች።

በዚያ ግዛት በ1834 የወጣ ሕግ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን ከልክሎ ነበር። ሕጉን ጥሶ ያስተማረ ነጭ እስከ 100 ዶላር ይቀጣል፣ እስከ 6 ወርም ሊታሰር ይችላል። ያስተማረው ነጻ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ይገረፋል። ስለዚህ የሜሪ ወላጆች ፊደል አለመቁጠራቸው ከስንፍና ወይም ከድህነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ በሕግ የተከለከሉት ነገር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1868 የጸደቀው የግዛቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ልጆች ክፍት እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። ያ ተስፋ ግን ብዙ አልቆየም። የፌዴራሉ ጦር በ1877 ከደቡብ ሲወጣ ሥልጣኑ ወደ ቀድሞዎቹ ጌቶች ተመለሰ። በ1895 የወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት የነጭና የጥቁር ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት እንዲማሩ አዘዘ፤ አንዱ ወደ ሌላው ትምህርት ቤት እንዳይገባም ፈጽሞ ከለከለ።

ሜሪ ሕፃን ሳለች ከእናቷ ጋር እናቷ ወደምትሠራበት የነጮች ቤት ሄደች። እዚያ መጽሐፍ አይታ አነሳች። ከቤቱ ልጆች አንዷ ግን ጥቁር ማንበብ እንደማይችል ነግራ መጽሐፉን እንድታስቀምጠው አዘዘቻት። ሜሪ አድጋ ስለ ሕይወቷ በተናገረች ቁጥር ይህን ነገር ታነሳ ነበር። በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት ይህ ማንበብ የሚባል ነገር ሳይሆን አይቀርም ብላ ያሰበችው ያን ቀን እንደሆነ ታስረዳለች።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ለጥቁር ልጆች በሜይስቪል ትምህርት ቤት ከፈተች። መምህርቷ ኤማ ዊልሰን የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች። ከቤተሰቡ ለጥጥ ሥራው እጅ ሳይጎድል ሊላክ የሚችለው አንድ ልጅ ብቻ ስለነበር ዕጣው ለሜሪ ደረሰ። በየቀኑ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ሄዳ፣ ያንኑ ያህል ተመልሳ፣ የተማረችውን ማታ ለቤተሰቡ ታስተምር ነበር። እኛ የሂሳብ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የምንወደው ይህን ነው፤ መደመርና መቀነስ እንደቻለች ጎረቤቶቿ ጥጣቸውን ሲያስመዝኑ እንዳይታለሉ ሂሳባቸውን ትቆጣጠርላቸው ጀመር። ትምህርት ምን እንደሚጠቅም ለመንደሩ ያስረዳው ይህ ነበር።

የልብስ ሰፊዋ ቁጠባ

ከመንደሩ ትምህርት ቤት በኋላ የሚቀጥለው ክፍል አልነበረም። በዚህ መሐል በሩቋ የኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ የምትኖር ሜሪ ክሪስማን የተባለች ልብስ ሰፊ ከሥራዋ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለአንዲት ጥቁር ልጅ ትምህርት ለመስጠት ወሰነች። መምህርቷ የመረጠችው ሜሪን ነበር። እሷም በ1888 ሰሜን ካሮላይና ወደሚገኘው የስኮሺያ የሴቶች ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ነጭና ጥቁር መምህራን ጎን ለጎን ሲሠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ይህን ክፍል ደጋፊዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን፤ የሜሪን ሕይወት የቀየረው የመጀመሪያው ስጦታ ከባለጸጋ የመጣ አልነበረም። በመርፌዋ ከምትተዳደር ሴት የመጣ ነበር።

በ1894 ከስኮሺያ ተመርቃ በቺካጎ የሙዲ የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም ገባች። ዓላማዋ ወደ አፍሪካ ሄዳ ወንጌል ማስተማር ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ የሚስዮን ቢሮ ግን በአፍሪካ ለጥቁር ሚስዮናውያን ቦታ እንደሌለው መለሰላት። በሕይወቷ ከደረሰባት ሁሉ ይህ ከባዱ ሐዘን እንደነበረ ተናግራለች።

ከዚያ በጆርጂያ ግዛት፣ በኦገስታ ከተማ በሄይንስ ትምህርት ቤት ተቀጠረች። ትምህርት ቤቱን የመሠረተችው ሉሲ ክራፍት ሌኒ፣ አባቷ የራሱን ነጻነት በገንዘብ የገዛ ጥቁር ሴት፣ ከባዶ ተነስታ ነበር ያቆመችው። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መሥርታ መምራት እንደምትችል ሜሪ በዓይኗ ያየችው እዚህ ነው።

ኦገስታን እንዲሁ ማለፍ አይገባም። በዚያው ዘመን፣ በ1896፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁርን በባቡር ለያይቶ ማሳፈር፣ አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። በቀጣዩ ዓመት የኦገስታ የትምህርት ቦርድ ለጥቁሮች የነበረውን ብቸኛ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጋ። ምክንያቱ የበጀት እጥረት ነበር። የነጮቹን ግን አልዘጋም። ግብር ከፋይ የሆኑ ጥቁር ወላጆች ከሰሱ፤ በ1899 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደባቸው። እኩል እስከሆነ ድረስ የምትለዋ ቃል በወረቀት ላይ እንጂ በሂሳብ መዝገብ ላይ እንደሌለች አራት ዓመት ሳይሞላ ታየ።

የዴይቶና አምስት ልጃገረዶች

ሜሪ በ1898 አልበርተስ ቤትዩን የተባለ መምህር አገባች፤ በዓመቱም አልበርት የተባለ ልጅ ወለደች። ትዳሩ ብዙ አልሰመረም፤ ባሏ በ1907 ተለይቷት ሄደ። እሷ ግን ከዚያ በፊትም ሐሳቧን ጨርሳ ነበር። በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ የባቡር ሐዲድ እየተሠራ ጥቁር ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ወደ ዴይቶና ይጎርፉ ነበር። ልጆቻቸው የሚማሩበት አልነበረም ማለት ይቻላል። የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ከ1885 ጀምሮ ነጭና ጥቁር አንድ ላይ እንዳይማሩ ከልክሎ፣ ለሁለቱም ያለ አድልዎ ይቀርባል ይል ነበር። የመጀመሪያው ቃል ተፈጸመ፤ ሁለተኛው ቀረ።

ሜሪ ኦክቶበር 3 ቀን 1904 በዴይቶና የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ስትከፍት በእጇ የነበራት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። የተከራየችው ትንሽ ቤት ኪራይ በወር 11 ዶላር ነበር። ሂሳቡ ገና ከመጀመሪያው ቀን አይሞላም። ተማሪዎቹ አምስት ልጃገረዶችና የራሷ ልጅ ነበሩ። የእቃ ማሸጊያ ሳጥን ወንበርና ጠረጴዛ ሆነ። የከሰለ እንጨት እርሳስ፣ የዱር ፍሬ ጭማቂ ደግሞ ቀለም ሆነ። ሆቴሎች የጣሉትን ዕቃ እየለቀመች፣ እያጠበችና እየጠገነች ትጠቀም ነበር።

ገቢው ከየት መጣ? ማታ ማታ የስኳር ድንች ኬክና አይስክሬም እየሠራች ለግንባታ ሠራተኞች ትሸጥ ነበር። ተማሪዎቿ ይዘምራሉ፣ መባ ይሰበሰባል። በብስክሌቷ እየዞረች ክረምትን በዴይቶና የሚያሳልፉ ሀብታሞችን በር ታንኳኳለች። ትምህርት ቤቱ ሲጠባት የከተማው ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን መሬት ለመግዛት ተስማማች፤ የመጀመሪያው ክፍያ 5 ዶላር ነበር። እሷንም ያገኘችው ከኬኩና ከአይስክሬሙ ሽያጭ ነው። በ1907 በዚያ ቆሻሻ መጣያ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ሕንፃ ቆመ፤ ስሙንም የእምነት አዳራሽ አለችው።

ሳንቲም በሳንቲም ላይ ስትደመር ትንሽ ናት የሚሉንን እህቶች እዚህ ላይ ልናቆማቸው እንወዳለን። ከባለጸጎቹ በፊት የሰጡት የልብስ አጣቢዎች፣ የወጥ ቤት ሠራተኞችና የሐዲድ ቆፋሪዎች ነበሩ። ዕቁብና ዕድር ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ባለጸጋው የመጣው ሥራው ቆሞ ካየ በኋላ ነው።

ከለጋሽ ጋር እንዴት ይኖራል?

ከለጋሾቿ አንዱ የሳሙና ኩባንያ ባለቤት የነበረው ጄምስ ጋምብል ነበር። ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጥቶ ጎጆና ሳጥን ብቻ ሲያይ፣ ባላደራ ሁን ያልሽኝ ትምህርት ቤት የቱ ነው ለማለት ያህል ጠየቃት። እሷም እስካሁን በአእምሮዋ ውስጥ እንዳለ፣ እሱንም የምትፈልገው ለዚያ ራእይ ባላደራ እንዲሆን መሆኑን ነገረችው። ሰውየው ተስማማ፤ የቦርዱም ሰብሳቢ ሆነ። ቶማስ ዋይት የተባለ የልብስ ስፌት መኪና አምራች ደግሞ መጥቶ ልጆቹ በተቀናቃኝ ኩባንያ አሮጌ መኪና ሲሰፉ አየ። በማግስቱ የራሱን አዲስ መኪና ይዞ ተመለሰ፤ በኋላም ብዙ ረዳ።

ይህ ደስ የሚል ታሪክ ቢመስልም ውስጡ ፈተና ነበረበት። በዚያ ዘመን ብዙ ነጭ ለጋሾች ለጥቁር ልጃገረድ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ መስፋትና ቤት ማጽዳት በቂዋ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ከጥቁሮችም መካከል እንዲህ ያለው ትምህርት ልጆቻችንን ለነጭ ቤት አገልጋይነት ያዘጋጃል ብለው የሚቆጡ ነበሩ። ሜሪ ምድጃውንም ስፌቱንም አልጣለችም፤ ልጆቹ እንጀራ የሚያበስሉበት ስለሆነ። ግን በዚያ አልቆመችም። ሁለተኛ ደረጃ ጨመረች፤ የመምህራንና የነርሶች ሥልጠና ጨመረች። በ1923 ትምህርት ቤቷ ጃክሰንቪል ከነበረው የኩክማን ትምህርት ቤት ጋር ተዋሐደ፤ በ1931ም ቤትዩን ኩክማን ኮሌጅ ተባለ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአዳራሿ እሑድ እሑድ በሚደረጉ ዝግጅቶች ደግሞ ነጮች ለብቻ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም፤ የመጣ ሁሉ ያገኘው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሚረዷትም ሰዎች ቢሆኑ በቤቷ ይህን ሥርዓት ተቀብለው ነው የገቡት።

በ1911 አንዲት ተማሪዋ በትርፍ አንጀት ታማ በከተማው የነጮች ሆስፒታል ተቀዳ ሕክምና አገኘች። ሜሪ ልትጠይቃት ስትሄድ ልጅቷን ከወጥ ቤቱ ጀርባ በረንዳ ላይ ተኝታ አገኘቻት። በዚያው ዓመት በትምህርት ቤቷ አጠገብ ለጥቁሮች ሆስፒታል ከፈተች። ስሙን በአባቷ ስም ማክሊዮድ አለችው።

ሴቶች በ1920 የመምረጥ መብት ሲያገኙ ሜሪ ጥቁር ሴቶች ማንበብን ፈተና አልፈው እንዲመዘገቡ ታስተምር ጀመር። ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን አባላት ጭምብል ለብሰው በሌሊት ግቢዋን ወረሩ። እሷ መብራት ሁሉ እንዲበራ አዘዘች፤ ልጃገረዶቹም መዝሙር ጀመሩ። ሰዎቹ ምንም ሳያደርጉ ተመለሱ። ሲነጋ ሜሪ ሕዝቧን አስከትላ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄደች።

ከዴይቶና እስከ ዋሽንግተን

ከዚህ በኋላ ስሟ ከፍሎሪዳ አልፎ ሄደ። ከ1924 እስከ 1928 የጥቁር ሴቶች ማኅበራትን ብሔራዊ ኅብረት መራች። በ1935 ደግሞ ተበታትነው የሚሠሩትን ማኅበራት በአንድ ጥላ ሥር ለማምጣት የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤትን መሠረተች። ምክር ቤቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የእኛን አባባል በተግባር ያዋለችው በዚህ ነው።

በ1936 በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት የብሔራዊ ወጣቶች አስተዳደር ውስጥ የጥቁሮች ጉዳይ ክፍልን እንድትመራ ተሾመች። ይህን ያህል የፌዴራል ኃላፊነት የያዘች ጥቁር ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም። ለጥቁር የኮሌጅና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ልዩ ገንዘብ እንዲመደብ አደረገች፤ ከ4,000 በላይ ተማሪዎችም ተረዱበት። ከፕሬዚዳንቱ ባለቤት ከኤሊኖር ሩዝቬልት ጋር የነበራቸው ወዳጅነትም ለብዙዎች በር ከፍቷል። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳን ፍራንሲስኮ ሲመሠረት በአማካሪነት ከተገኙት ጥቁር አሜሪካውያን አንዷ ነበረች።

ሁለቱ ዓምዶች

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን እንመለስ። ሜሪ ለጥቁር ልጃገረዶች ለብቻቸው ትምህርት ቤት ስትሠራ፣ የመለያየትን ሥርዓት እየተቀበለች አልነበረም ወይ?

መልሱን ለማየት ከተወለደችበት አካባቢ መጀመር ይበጃል። ከሜይስቪል ብዙም በማይርቀው የክላሬንደን ወረዳ ጥቁር ወላጆች በ1940ዎቹ ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጠየቁ። ለነጭ ልጆች 30 አውቶቡሶች ነበሩ፤ ለጥቁሮቹ አንድም አልነበረም። በ1949 እና 1950 የትምህርት ዘመን ወረዳው ለአንድ ነጭ ተማሪ 179 ዶላር፣ ለአንድ ጥቁር ተማሪ ደግሞ 43 ዶላር ያወጣ ነበር። ሂሳብ ለምንሠራ ሰዎች ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ቅር ያሰኘው ነገር የገንዘብ እጥረት አልነበረም፤ ገንዘቡ ነበር፣ የሚከፈልበት መንገድ ግን የተወሰነው በቆዳ ቀለም ነው። ወላጆቹ ከሰሱ። ፊርማቸውን ያኖሩት ከሥራቸው ተባረሩ። የመራቸው ቄስ ቤት ተቃጠለ።

ይህ ክስ ከካንሳስ፣ ከቨርጂኒያና ከዴላዌር ከመጡ ክሶች ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሜይ 17 ቀን 1954 በአንድ ድምፅ ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ሜሪ ፍርዱን በሕይወት ሆና አየች። ዕድሜዋን ሁሉ የጥቁር ትምህርት ቤት ያነጸችው ሴት በፍርዱ ተደሰተች እንጂ ሥራዬ ፈረሰ አላለችም። ምክንያቱም መለያየቱን አንድ ቀን እንኳ ትክክል ነው ብላ አታውቅም። የ1904ዋ ልጅ የ1954ቱን ፍርድ እንድትጠብቅ ሊነገራት አይቻልም ነበር፤ 50 ዓመት ነው። ከእነዚያ ልጃገረዶች መካከል መምህርት፣ ነርስና መራጭ የሆኑት ደግሞ ፍርዱን ያመጣው ትውልድ እናቶች ናቸው።

ሜሪ ፍርዱ ከተሰጠ በዓመቱና በአንድ ቀኑ፣ ሜይ 18 ቀን 1955 በ79 ዓመቷ ዴይቶና በሚገኘው ቤቷ ዐረፈች። በኮሌጇ ግቢም ተቀበረች። ከሞተች 13 ቀን በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አፈጻጸሙን ሲወስን የመጨረሻ ቀን አልቆረጠም። ይህን ክፍተት ይዘው ብዙ የደቡብ ወረዳዎች ለዓመታት አንገራገሩ። በቨርጂኒያ የፕሪንስ ኤድዋርድ ወረዳ ልጆቹን አንድ ላይ ከማስተማር ይልቅ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ከ1959 እስከ 1964 ዘግቶ ቆየ። ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉም በአብዛኛው የተዘጉት የጥቁሮቹ ነበሩ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንም ሥራቸውን አጡ። ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ፍርዱን የሚያስፈጽም የተደራጀ ሕዝብ ማግኘት ሌላ ነገር ነው።

በ1974 በዋሽንግተን በሚገኝ መናፈሻ ሐውልት ቆመላት። በ2022 ደግሞ የፍሎሪዳ ግዛት ወኪል ሆኖ በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ የቆየው የባርነት ደጋፊዎቹ ጦር ጄኔራል ሐውልት ተነሥቶ የእሷ ተተካ። ልጅ ሳለች መጽሐፍ አስቀምጪ የተባለችው ሴት ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛ የወሰድነው ይህን ነው። አንደኛ፣ መዋጮአችን ትንሽ መሆኗ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በትክክል አለመመዝገቧና ለታለመላት ነገር አለመዋሏ ነው። ሁለተኛ፣ ራስን መርዳትና መብትን መጠየቅ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ነገር አይደለም። ሜሪ በአንድ እጇ ኬክ ትጋግር ነበር፤ በሌላው እጇ ሰዎችን ወደ ምርጫ ጣቢያ ትመራ ነበር። ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን፦ ራእያችንን አይታችሁ ባላደራ ሁኑን እንጂ ራእያችንን አትምረጡልን። ለአባሎቻችንም፦ በየአካባቢያችሁ ለትምህርት የተመደበው ገንዘብ ለማን ስንት እንደደረሰ ጠይቁ፤ ሁለቱን ዓምድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ ነው።